ፍልሰታ፣ ቆሎና «ኔክስት ቱ ኖርማል»

መጀመሪያ ጥፋቴን ልናገር። ቲኬቱን ስቆርጥ የማውቀው ሦስት ነገር ብቻ ነበር። ሙዚቃዊ ቴአትር መሆኑን፣ ድብርት ስላለባት እናት መሆኑን፣ በ2010 ፑሊትዘር የሚባለውን ትልቁን የአሜሪካ ሽልማት ማግኘቱን (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። በቃ፣ ይህን ይዤ አክስቴ ጋ ደወልኩ። እቴቴ እንግሊዝኛዋ ለሐኪም ቀጠሮና ለገበያ ያህል ነው፣ ዘፈን ግን ነፍሷ ነው፣ ከቤት ትውጣልኝ ብዬ ነው። ታሪኩን እስከ መጨረሻው አንብቤው ቢሆን ኖሮ ሌላ ሰው ይዤ እሄድ ነበር። ወይም እሷኑ፣ ግን አስቀድሜ ነግሬያት።

ስለዚህ ከዚህ በታች ታሪኩን አንድም ሳላስቀር እዘረግፈዋለሁ። ሳይነገረኝ ልየው የምትሉ እዚህ ጋ እንሰነባበት።

«ኔክስት ቱ ኖርማል» ይባላል። ሙዚቃው የቶም ኪት ነው፣ ድርሰቱና ግጥሙ የብራያን ዮርኪ። እኛ ያየነው ለንደን፣ ቻሪንግ ክሮስ ሮድ ላይ ባለው ዊንድሃምስ ቴአትር፣ በ2024 ክረምት ነው። ከመድረክ ከወረደ ቆይቷል፣ ግን ያው የለንደኑ ዝግጅት ተቀርጾ በ2025 በአሜሪካው ፒቢኤስ ቴሌቪዥን ስለታየ «እንዴት ነው?» የሚለኝ ሰው በዝቷል። አንዴ ልጻፈውና ልረፍ።

ቀኑ ፍልሰታ ውስጥ ነበር። ትርኢቱ ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል። እቴቴ ከቤተ ክርስቲያን ቀጥታ መጣች፣ ነጠላዋን እንደለበሰች፣ ቦርሳዋ ውስጥ በላስቲክ የታሰረ ቆሎ ይዛ። ያ ቆሎ በኋላ ይመጣል።

መጋረጃ ምናምን የለም። መድረኩ ላይ ያለው ወጥ ቤት ነው፣ ሙዚቀኞቹ ከላይ ፎቁ ላይ ተቀምጠዋል። ሮክ ነው፣ ግን ቫዮሊንና ቼሎም አለበት። ንግግሩ ጥቂት ነው፣ አብዛኛው ይዘፈናል። ተዋንያኑ በጠቅላላው ስድስት ናቸው። እናትየው ዳያና፣ ባሏ ዳን፣ ሴት ልጃቸው ናታሊ፣ ወንድ ልጃቸው፣ የናታሊ ጓደኛ ሄንሪ፣ እና ሐኪም። ሐኪሞቹ ሁለት ናቸው፣ የሚጫወታቸው ግን አንድ ሰው ነው፣ ትሬቨር ዲዮን ኒኮላስ። ይህቺን ወደድኳት። ከሐኪም ወደ ሐኪም ስትመላለሱ ከርማችሁ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ አንድ ጊዜ ላይ ፊታቸው አንድ ይሆንባችኋል።

የመጀመሪያው ትዕይንት ተራ ጠዋት ነው። ሁሉም ይጣደፋል፣ ሁሉም ይዘፍናል፣ ዳያና ለልጆቿ ሳንድዊች ትሠራለች። ዳቦ ትደረድራለች። ጠረጴዛው ሞላ። ወንበር ላይ ቀጠለች። ከዚያ ወለሉ ላይ ወርዳ በጉልበቷ እየሄደች ትደረድራለች። መጀመሪያ ሰው ይስቃል። ሳቁ ቀስ እያለ ሲሞት ይሰማችኋል፣ መጨረሻ ላይ አንድ ሰው ብቻ ከኋላ ሲስቅ ቀርቶ እሱም ዝም አለ። እቴቴ ግን ከመጀመሪያውም አልሳቀችም። «እህል መሬት ላይ!» አለች፣ በሹክሹክታ መሆኑ ነው፣ ፊት ለፊታችን ያለችው ሴትዮ ዞር ብላ አየችን።

ትንሽ ቆይታ ደግሞ ክንዴን ያዘችና «ልጁን ለምንድነው ማንም የማያየው?» አለችኝ።

«የቱን?»

«ወንዱን። እናቱ ብቻ ናት የምታየው።»

ሽሽ አልኳት። እኔ ግጥሙን ለመከታተል ጆሮዬን ቀጥ አድርጌ ነበር፣ ቃል እንዳያመልጠኝ። እሷ ቃሉ ስለማይገባት ዓይን ዓይናቸውን ነበር የምታየው። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ናታሊ ሄንሪን እራት ጋብዛ ታመጣለች፣ ዳያና ሻማ የተለኮሰበት የልደት ኬክ ይዛ ትገባለች፣ ለልጇ። ባልየው ተነስቶ፣ ቀስ ብሎ፣ ልጁ እዚህ እንደሌለ ይነግራታል። በጨቅላነቱ ሞቷል። በስምንት ወሩ። ስናየው የቆየነው ጎረምሳ እሷ በሐሳቧ ያሳደገችው ነው። አጠገቤ የተቀመጠው ፈረንጅ እጁን አፉ ላይ ጫነ። እቴቴ ነጠላዋን አስተካከለች።

እዚህ ላይ ነው ሆዴ የተገለባበጠው። እቴቴ ደሴ እያለች፣ እኔ ሳልወለድ፣ አንድ ልጅ ቀብራለች። ይህን የማውቀው ልጅ ሆኜ ጓዳ ውስጥ ሴቶች ሲያወሩ ሰምቼ ነው። ስንት ልጅ አለሽ ስትባል ሦስት ትላለች። ቤታችን ውስጥ አንድም ቀን ተነስቶ አያውቅም፣ ከዚህ የተነሳ ይመስለኛል ቲኬት ስገዛ ጨርሶ ትዝ ያላለኝ። (ይህን ልጻፈው ወይ ብዬ ጠይቄያታለሁ። «ስሙን አትጻፊ እንጂ ጻፊ» ብላለች።) «እንውጣ?» አልኳት። «ለምን?» አለችኝ፣ ተቆጥታ ማለት ይቻላል።

ስለ ድብርት ቃሉ ራሱ ላይ ትንሽ ልቁም። እኛ አንድ ቃል ለሁለት ነገር ነው የምንጠቀመው። እሁድ ከሰዓት በኋላ መብራት ሲጠፋ «ደበረኝ» እንላለን፣ ሰው ለወራት ከአልጋ መነሳት ሲያቅተውም ያው ድብርት ነው። ባለሙያዎቹ ለበሽታው «ድባቴ» የሚሉት እንዳይምታታ መሰለኝ። የዳያና ደግሞ ባይፖላር ነው፣ ሰማይ የሚያወጣና መሬት የሚከት። እና ቴአትሩ ጎበዝ የሆነበት ቦታ፣ ይህንን በቃል አያስረዳችሁም። ሙዚቃው ያደርግባችኋል። ደህና ነኝ በምትልበት ሰዓት ምቱ ይፈጥናል፣ አንዱ ዘፈን ሳያልቅ ሌላው ይገባል፣ እናንተም አብራችሁ ሞቅ ይላችኋል፣ ከዚያ ድንገት አንድ ፒያኖ ብቻ ይቀራል። ድካሙ ሰውነታችሁ ላይ ነው የሚመጣው።

ሌላው፣ እና ለእኔ ትልቁ፣ ሕመሙ ፊት አለው። ቆንጆ ፊት። የሞተውን ልጅ የሚጫወተው ጃክ ዎልፍ የሚባል ወጣት ነው፣ ቀጭን፣ ፈገግታው የሚያባብል፣ ድምፁ እላይ ወጥቶ የማይሰበር። «ሕያው ነኝ» እያለ የሚዘፍነው የትርኢቱ ምርጥ ሮክ የሱ ነው፣ ሰው እግሩን እየመታ ያጅበዋል፣ እኔም ጨምሮ። ከዚያ ነው ማንን እያጀባችሁ እንደሆነ የምታስታውሱት። ድብርትን ጥግ ላይ የተቀመጠ ጥቁር ጥላ አድርገው የሚያሳዩ ሥራዎች ሰልችተውኛል። እዚህ ከቤቱ ሰው ሁሉ የሚያምረው እሱ ነው፣ እሷ መዳን ማለት እሱን ዳግመኛ መቅበር ነው የሚሆንባት። እንዲህ ካያችሁት «ለምን አትድንም?» የሚለው ጥያቄ አፋችሁ ላይ ይደርቃል።

ዳያናን የተጫወተችው ኬሲ ሌቪ ናት፣ ብሮድዌይ ላይ፣ ማለትም በኒው ዮርክ ትልልቅ ቴአትር ቤቶች፣ የ«ፍሮዝን»ን ኤልሳን መጀመሪያ የተጫወተችው። ባልየው ጄሚ ፓርከር ነው፣ እሱም እዚሁ ለንደን የመጀመሪያው የመድረክ ሃሪ ፖተር። ሁለቱም ድምፅ አላቸው፣ ግን ሌቪን የወደድኳት ስትዘፍን ሳይሆን ስታዳምጥ ነው። ሰው ሲያወራት ፈገግ ትላለች፣ ግማሽ ሰከንድ ዘግይታ። ያቺን መዘግየት አውቃታለሁ።

አዎ፣ እኔም ዓመት ከምናምን ኪኒን የዋጥኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ የኪኒኑ ዘፈን ላይ ከሁሉም በላይ የሳቅኩት እኔ ነኝ። የመድኃኒት ስሞች እንደ ፍቅር ዘፈን በቫልስ ይዘፈናሉ፣ አንዱ ከሌላው ጋር ሲወሰድ፣ አንዱ የሌላውን ጉዳት ለማጥፋት ሲጨመር፣ ሐኪሙና እሷ ጥንዶች ይመስላሉ። ሳምንታት ያልፋሉ። መጨረሻ ላይ ምንም ነገር አይሰማኝም ትለዋለች። ሐኪሙ ታካሚዋ ተረጋግታለች ብሎ ይጽፋል። ይህን ስሰማ ሳቄ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ከዚያ በኋላ ነው ተራሮቹ ናፈቁኝ እያለች የምትዘፍነው፣ ከፍታውም ገደሉም ናፈቀኝ፣ ይህ ሜዳ ገደለኝ እንደማለት። ኪኒኖቿንም ትጥላለች።

እና እዚህ ላይ ጥል አለኝ። ዘፈኑ በጣም ያምራል፣ ችግሩም እሱ ነው። ባይፖላር ያለበት ሰው መድኃኒቱን በገዛ እጁ ድንገት ማቆሙ ሕመሙን ብዙ ጊዜ ብሶ ይመልሰዋል። ቴአትሩ አይደብቀውም፣ እሷም ትወድቃለች፣ የመጀመሪያው ክፍል ሊያልቅ ሲል ራሷን ለማጥፋት ትሞክራለች። ግን ሰው ዘፈኑን ነው ይዞ የሚወጣው። እኔን ኪኒኑ አላደነዘዘኝም፣ አፌን አደረቀኝ፣ እንቅልፌን ገለባበጠብኝ፣ ከዚያ ከአልጋ አስነሳኝ። ለዚያኛው ዓይነት ታሪክ አንድም ዜማ አልተሰጠውም።

ዕረፍት። እዚህ ሀገር ቴአትር ዕረፍት ላይ በትንንሽ ስኒ አይስክሬም ይሸጣል፣ ወግ ነው። ለእቴቴ ልግዛ ብዬ ተነሳሁና ፍልሰታ መሆኑ ትዝ አለኝ። ሰዓቱ 9 አልፏል፣ ቆሎዋን አወጣች። ገብስ፣ ሽምብራ፣ ትንሽ ሱፍ። አጠገባችን የነበረው ሰውዬ ዓይኑ አሁንም ቀልቷል፣ ዘረጋችለት፣ አፈረ፣ ወሰደ። «ጥሩ ነው» አለ፣ ጥርሱ እየተንቋቋ።

ሁለተኛው ክፍል በኤሌክትሪክ ንዝረት ስለሚሰጠው ሕክምና ነው። በነገራችን ላይ ሥራው ሁሉ የተወለደው ከዚህ ነው። ሁለቱ ደራሲዎች በ1998 ይህን ሕክምና ስለምትወስድ ሴት አሥር ደቂቃ የሚሆን ነገር ጽፈው ነበር፣ አሥር ዓመት ሲያሹት ቆዩ። በ2008 ኒው ዮርክ ላይ በትንሽ መድረክ ሲታይ ተቺዎች ግማሽ ልብ ነበሩ፣ ቀልዱ በዛ አሉ። ወስደው አሬና ስቴጅ የሚባል የዋሽንግተን ዲሲ ቴአትር ቤት ጋ አበጃጁት፣ ያኔ አሬና ለጊዜው ቨርጂኒያ ክሪስታል ሲቲ ነበር፣ ዲሲ ያላችሁ ሰፈሩን ታውቁታላችሁ። በ2009 ብሮድዌይ ገባና ሦስት ቶኒ፣ የብሮድዌይን ትልቁን ሽልማት፣ ወሰደ። እንግሊዝ ግን እስከ 2023 አልደረሰም፣ ያኔም ዶንማር ዌርሃውስ በሚባል 250 ሰው ገደማ በሚይዝ ቤት ነው የተጀመረው።

ሕክምናው አሁንም ይሰጣል፣ መድኃኒት እምቢ ላለው ከባድ ድብርት፣ በማደንዘዣ ተኝተው። መርሳት የታወቀ ጉዳቱ ነው። ዳያና ግን ቤቷን እንኳ ሳታውቀው ነው የምትመለሰው፣ ይህ ለመድረክ ሲባል ተጋንኗል፣ ሐኪም የጻፈላችሁ ሰው ካላችሁ ከቴአትር አትማሩ። መድረክ ላይ ግን ይሠራል። ባልየው ፎቶ እያሳየ ያስታውሳታል፣ ይህ ሠርጋችን፣ ይህ ቤታችን፣ ይህች ናታሊ። አንድ ነገር ይዘላል። የልጁን ነገር ይዘላል። አጋጣሚው ተገኘ፣ ረሳችው፣ ተገላገልን ዓይነት። ሳየው በጣም ተናደድኩበት፣ ከዚያ ጓዳችን ትዝ አለኝና ተውኩት።

ለዳያና የተነገራት አንድ ነገር አለ፣ ሐዘን ከአራት ወር ካለፈ በሽታ ነው፣ መድኃኒት ያስፈልገዋል የሚል። ለልጄ ሕይወት አራት ወር? ትላለች። እዚህ ላይ መጀመሪያ ደረቴን ነፋሁ። እኛ ጋ ድንኳን ይጣላል፣ እድር ወንበርና ድስት ያመጣል፣ አልቃሽ የሟቹን ስም እየጠራች ሙሾ ታወርዳለች፣ ሙሾ ራሱ ሙዚቃዊ ቴአትር አይደል እንዴ? ሰልስት አለ፣ አርባ አለ፣ ሰማንያ አለ፣ ሙት ዓመት አለ። ሐዘን ቀን ተቆርጦለት ሰው እየመጣ አብሮ ይቀመጣል። ልኮራ ስል ግን አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት አለች። ለጨቅላ ይህ ሁሉ ብዙ ጊዜ አይደረግም። «አይዞሽ፣ ገና ልጅ ነሽ፣ ትወልጃለሽ» ይባላል፣ ይታለፋል። ለዚያኛው አራት ወርም አልተሰጠውም።

ናታሊን ኤሊነር ወርዚንግተን ኮክስ ናት የተጫወተቻት። ስለሷ ብዙ አልልም፣ ቴአትሩም ብዙ አላላትም፣ ምናልባት ሆነ ብሎ ነው፣ የሞተ ወንድሟ ቤቱን ሞልቶ እሷ የማትታይ ልጅ ናት። ሄንሪ ግን አስቸገረኝ። ታጋሽ፣ አፍቃሪ፣ የማይሰለች። እንዲህ ዓይነት የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ካለ ስልኩን ስጡኝ፣ የእህቴ ልጅ አለችልኝ።

መጨረሻው ላይ ዳያና ሄደች። ጥላው፣ ወላጆቿ ቤት። ብዙ ሰው ይህን ጀግንነት ብሎ ያጨበጭባል፣ እኔ ግማሽ በግማሽ ነኝ። ዳን ብቻውን ቀረ። ከዚያ ልጁ ወደሱ ይመጣል። እሱ እስካሁን አላየውም፣ ወይም አላየሁም ሲል ነው የኖረው። ጄሚ ፓርከር ሁለት ሰዓት ሙሉ ትከሻው ላይ ተሸክሞት የነበረው ነገር ሲወርድ ታዩታላችሁ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ማንም፣ እናትየውም ጭምር፣ ልጁን በስሙ ጠርቶት አያውቅም፣ እኔ ልብ አላልኩም ነበር። ዳን ነው የሚጠራው። መጀመሪያ በቁልምጫ፣ ከዚያ ሙሉ ስሙን። ጋብሪኤል።

እቴቴ አማተበች።

«ገብርኤል ነው ያለው?»

«አዎ።»

ከዚያ በኋላ ስለ ብርሃን የሚዘፍኑት መዝጊያ አለ፣ ሁሉም ተሰልፈው። ለእኔ ትርፍ ነው። ስሙ ላይ ቢቆም ይሻል ነበር፣ ግን ብሮድዌይ ነው፣ ሰውን በጨለማ አያስወጡም።

የርእሱ ነገር። ናታሊ ወደ መጨረሻው ለእናቷ ትላታለች፣ ኖርማል ኑሮ አልፈልግም፣ ያ ሩቅ ነው፣ ከኖርማል አጠገብ ያለ ነገር ይበቃኛል። እኛም «ኖርማል አይደለችም» የምንለው ለማን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ጸበል ትሂድ፣ ታሰረች፣ ዓይን ነው፣ ይባላል። አማኑኤል ሆስፒታል የሚለው ስም ራሱ አዲስ አበባ ውስጥ ለስድብ የሚውል ነው። ሆስፒታሉ ምን አደረገ?

እንግዲህ ፒቢኤስ ያሳየው ቅጂ የመድረኩን ያህል ነው ወይ ለምትሉኝ፣ አይደለም። ካሜራው ፊታቸውን ያቀርብላችኋል፣ ግን የት ማየት እንዳለባችሁ እሱ ነው የሚመርጠው፣ እቴቴ ያየችውን ለማየት ሙሉ መድረኩ ያስፈልጋል። ከተማችሁ ውስጥ በሌላ ቡድን ቢታይ እንኳ ሂዱ፣ ብዙ ቦታ ይሠሩታል። ስትሄዱ አብራችሁ የምትወስዱትን ሰው ንገሩት፣ ልጅ ይሞታል፣ ራስን የማጥፋት ሙከራ አለ በሉት። ያበላሻል ብላችሁ አትፍሩ፣ እቴቴ ግማሽ ሰዓት ቀድማ አውቃው ምንም አልጎደለባትም። አሁን ራሳችሁ ጉድጓድ ውስጥ ከሆናችሁ ደግሞ ይቆይላችሁ፣ መጀመሪያ ሰው አናግሩ። እንግሊዝ ያላችሁ ሳማሪታንስ የሚባለው የሚያዳምጣችሁ የስልክ መስመር 116 123 ነው፣ በነጻ፣ ሌሊትም ያነሳሉ።

29 ቁጥር ባስ ላይ ወጣን፣ ፎቁ ላይ፣ ፊት ለፊት፣ እዚያ መቀመጥ ትወዳለች። እስከ ካምደን ድረስ አንድ ቃል አልተናገረችም። ከዚያ መስታወቱን እያየች ስሙን ነገረችኝ። የማን ስም እንደሆነ አላለችም፣ አልጠየቅኋትም። ዕድሜውን ቆጠረች፣ ዘንድሮ አርባ አንድ ይሆነው ነበር። ደግሞ ዝም አለች። ፊንስበሪ ፓርክ ልንደርስ ስንል ወደኔ ዞረች።

«ያን ሁሉ ዳቦ ግን በየቀኑ ይጥሉታል?»

«አላውቅም እቴቴ።»

«አርባ ሰው ያበላል እኮ» አለች፣ የቀረውን ቆሎ ቦርሳዋ ውስጥ እያሰረች።